ልጁ ደብተሩን እንድፈርምለት ጠየቀኝ

የላይኛው ፎቅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ዕድሜዬ 61 ነው። ባለቤቴን በሞት ካጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ልጅ አልወለድንም፤ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ደግሞ ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን፣ ያለዚህ ጥያቄዬ በትክክል ስለማይገባችሁ ነው።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ማታ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ላይ ትመለሳለች፤ አባቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በአንገቱ ባንጠለጠለው ቁልፍ ከፍቶ ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ይወጣና እስኪመሽ ድረስ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ በመካከላችን የነበረው ሰላምታ ብቻ ነው። ከስምንት ወር በፊት ግን አንድ ቀን በሬን ክፍት አድርጌ የተበላሸ ሬዲዮ ስፈታ ደፉ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ ምንም ሳይናገር መዳፉን ዘረጋ። የፈታሁትን ብሎን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሥራዬን እስክጨርስ አሥራ አንዱንም ብሎን ይዞ ቆመ፤ መልሼ ስገጥም የትኛው ከየት እንደወጣ እኔ ሁለት ጊዜ ስሳሳት እርሱ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራትና አምስት ቀን ይመጣል። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የቤት ሥራውን ይሠራል፤ ካቻቢቴ ያቀብለኛል፤ አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጫማው ስለጠበበው ተረከዙን ረግጦ ነው የሚሄደው። ባለፈው ወር ጉልበቱ ላይ የነበረ ቁስል መግል ይዞ እስካየው ድረስ ማንም አላጠበለትም ነበር። የሚበላ ነገር ስሰጠው ግማሹን ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ለበኋላ» ይላል። ሲሄድ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ጋሼ፣ ነገም አሉ?»

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። በቅርቡ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሳይመጣ ቀረ። መስኮቱ ሥር ቆሜ የደረጃውን ኮቴ ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት። በአራተኛው ቀን ሲመጣ «የት ጠፍተህ ነው?» ብዬ የጠየቅሁበት ድምፅ የደስታ ሳይሆን የቅሬታ ነበር። ልጁ ኩምትር ብሎ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኔን ብቸኝነት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይቅርታ ጠየቀበት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ደግሞ የመገናኛ ደብተሩን አምጥቶ «የወላጅ ፊርማ» የሚለውን ባዶ መስመር በጣቱ አሳየኝና እንድፈርምለት ለመነኝ። ወደኋላ ስገልጥ አምስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ነው። ለዛሬ አይሆንም ብዬ መለስኩት፤ ምክንያቱን ግን በቅጡ ልነግረው አልቻልኩም። ልፈርምለት? እናቱን ላነጋግር? ከእኔ ይራቅ? ከሁሉም በላይ ይህ ወዳጅነት ለእርሱ ነው ወይስ ለእኔ? እባካችሁ የምታውቁትን ሳትደብቁ ንገሩኝ።


ጥንቃቄ ይቅደም

ወንድሜ፣ ቅንነትዎን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ቢተዉት ይሻላል እላለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ዘመዱ ያልሆነ ልጅ በየቀኑ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚታይ ከሆነ፣ ጎረቤት የሚያወራው ወሬ አንዴ ከተነሣ አይመለስም። ወሬውን እንኳ ብንተወው፣ የእናትየዋን ፈቃድ ሳይጠይቁ ስምንት ወር መቆየትዎ ልክ አልነበረም። ልጁ ክፉ ሰው ቢያጋጥመው ኖሮም በዚሁ መንገድ ይገባ ነበር። ለትምህርት ቤቱ አሳውቀው እርስዎ በክብር ቢርቁ ይበጃል።


ጡረተኛዋ መምህርት

ወንድሜ፣ እኔ 31 ዓመት ያስተማርኩት እርሱን በሚያህሉ ልጆች ክፍል ስለሆነ ስለ ደብተሩ የማውቀውን ልንገርዎት፤ አደራዎን አይፈርሙ።

አስተማሪ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቀው መስመሩ እንዲሞላለት አይደለም። ከአርባና ከሃምሳ ልጆች መካከል ቤቱ ውስጥ የሚያየው ሰው የሌለውን ልጅ የምናውቅበት መንገድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ያ ባዶ መስመር ነው። ልጁ ዝም ይላል፤ ደብተሩ ግን ይናገራል። እርስዎ ከፈረሙ ግን ከነገ ጀምሮ የልጁ አስተማሪ «ቤት ውስጥ የሚከታተለው ሰው አለ» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ልጅ ያዞራል። በፍቅር የተፈረመ ፊርማ ልጁን ከዕይታ ይሰውረዋል ማለት ነው። አምስት ሳምንት ባዶ ሆኖ ሳለ ማንም አለመጠየቁ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጥፋት ነው፤ እኔም በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያሳለፍኳቸው ልጆች ነበሩ፤ ዛሬም ፊታቸው ትዝ ይለኛል።

እንዲርቁ የመከሩዎት አስተያየት ሰጪ ስለ ፈቃዱ ያሉት ትክክል ነው፤ ስለ መራቁ ግን አልስማማም። ልጁ በየቀኑ «ነገም አሉ?» እያለ የሚጠይቀው ሰዎች ሳይነግሩት ሲጠፉበት ስላየ ይመስለኛል፤ እርስዎም ድንገት ከጠፉ የሚፈራውን ነገር ያረጋግጡለታል።

እናቱን ያነጋግሩ፤ ነገር ግን ከጫማው፣ ከቁስሉና ከባዶው መስመር አይጀምሩ። ከንጋት እስከ ማታ የምትሠራ ሴት የልጇን ጉድለት ከእርስዎ ይልቅ አብዝታ ታውቀዋለች፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው የሚቀራት ነገር ቢኖር በሩን መዝጋት ብቻ ነው። ከብሎኖቹ ይጀምሩ። አሥራ አንድ ብሎን የየቦታውን ሳይስት እንደያዘ ይንገሯት። ስለ ልጇ ጥሩ ወሬ ከሰማች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ማን ያውቃል? ከዚያ በኋላ፣ በእርሷ ፈቃድ፣ እርሷ በወሰነችው ቀንና ሰዓት ብቻ ቢመጣ ደስ እንደሚልዎት ይንገሯት። እምቢ ካለችም ይቀበሉ። የማየት ዕድሉን እንዳያጡ ሰላምታዎን ግን አይተዉ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቱ ፊት «እርስዎ ሲያሳድጉት፣ እኔ ሳሳድገው» የሚመስል ንግግር እንዳይወጣዎት። ልጆች ይህን ፉክክር ወዲያው ያሸታሉ፤ አንዱን መውደድ ሌላውን መክዳት ሆኖ ይታያቸዋል።


የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ

በሕፃናት ጥበቃ ሥራ ላይ ያለሁ ነኝ። እናት መምህራችን በሰጡት ምክር ላይ ከሥራዬ ያየሁትን ልጨምር።

ቸልተኝነት ከግርፋት የሚለየው ምልክቱ «የተደረገ» ሳይሆን «ያልተደረገ» ነገር በመሆኑ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ዓይን የማይገባው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ቸልተኝነትን ከአካላዊና ከአእምሯዊ ጥቃት ጎን ለጎን በስሙ ጠርቶታል። ይሁን እንጂ እጅ ያጠራት እናትና ግድ የሌላት እናት አንድ አይደሉም። ጋሼ የጻፉት ታሪክ የሁለቱ ድብልቅ ይመስላል፤ የጠበበ ጫማ የገንዘብ ችግር ሊሆን ይችላል፤ መግል የያዘ ቁስል ሳይታጠብ መሰንበቱ ግን የሚያይ ዓይን አለመኖሩን ያሳያል። ምግብ ደብቆ ማስቀመጥም ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ እርግጠኛ ያልሆነ ልጅ የሚያደርገው ነገር ነው። እንዳይቆጡበት፤ «ሌላም አለ፣ ነገም አለ» ብለው ይተዉት። ልማዱ የሚለቀው በምክር ሳይሆን ነገ በእርግጥ ሲመጣ ነው።

የእርስዎ ዓይነት ወዳጅነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ የሥራ ባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የካዋይ ደሴት ጥናት ነው። ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያች የሃዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ አርባ ዓመት ዕድሜያቸው ተከታተሉ። እንደ ድህነት፣ የቤተሰብ ጠብ፣ የወላጅ ሕመምና ሱስ ባሉ በርካታ ችግሮች ውስጥ ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ብቁና ለሰው የሚያስቡ ጎልማሶች ሆኑ። እነዚህን ልጆች ከሌሎቹ ከለዩአቸው ነገሮች አንዱ ከወላጅ ውጭም ቢሆን ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ አሳቢ ሰው ማግኘታቸው ነበር፤ አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ልብ ይበሉ፣ «የማይለዋወጥ» ነው ያልኩት። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ከአዋቂ አማካሪ ጋር የተጣመሩ ታዳጊዎችን መርምሮ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀው ወዳጅነት ብዙ መሻሻል ሲያመጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የተቋረጠው ግን አንዳንዶቹን ከነበሩበት ዝቅ እንዳደረጋቸው አሳይቷል። ስለዚህ መወሰን ያለብዎት መጀመር አለመጀመሩን ሳይሆን፣ የጀመሩትን ይዘው መዝለቅ መቻልዎን ነው። ሕመም ወይም መንገድ ቢያጋጥምዎት ለልጁ አስቀድመው ይንገሩት። ቀኑን በትክክል ይንገሩት፤ ቀኑንም ይጠብቁ።

ለጥንቃቄው ጉዳይ በጭፍን መራቅ አያስፈልግም፤ ግልጽነት ይበቃል። በሩ ክፍት መሆኑ መልካም ነው። በእናቱ ዕውቅና ይሁን፤ ያላወቀችው ስጦታ አይኑር፤ «ይህን ለማንም እንዳትናገር» የሚል ቃል በጨዋታ እንኳ ከአፍዎ አይውጣ። ትኩረት የተራበ ልጅ ትኩረት የሰጠውን ሁሉ ይከተላል፤ ለዚህ ነው ክፉ ሰዎች እንዲህ ያሉትን ልጆች የሚመርጡት። ከእርስዎ ጋር ፈቃድ መጠየቅን ከለመደ፣ ነገ ሌላ ሰው «ና» ሲለው የሚቆምበት ነገር ይኖረዋል።

ልጁ ሌሊት ብቻውን የሚያድር ከሆነ፣ የመደብደብ ምልክት ካዩ፣ ወይም ታሞ የሚያሳክመው ካጣ ግን የጉርብትና ነገር ነው ብለው አያመንቱ፤ ለትምህርት ቤቱና ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ወዳጅነት አይሆንም።

ስለ ራስዎ የጠየቁትንም ልመልስ። ብቸኝነትን ለረጅም ዘመን ያጠናው ጆን ካቾፖ ስሜቱን ከረሃብና ከጥም ጋር ያመሳስለው ነበር፤ አካል የሚያስፈልገውን ነገር ሲያጣ የሚሰጠው ምልክት ነው፤ አያሳፍርም። ሆኖም ያ ጥም በአንድ ልጅ መምጣትና መቅረት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ልጁ ይከብደዋል። አብረውዎት የሚቀመጡ፣ በዕድሜዎ ያሉ ሰዎችን ይፈልጉ፤ የሬዲዮ ጥገና የሚያውቅ ሰው ሥራ ፈት መሆን የለበትም። ልጁ ሳይመጣ በሚቀርበት ቀን የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ቢኖርዎት፣ በሚመጣበት ቀን የሚሰማው ድምፅ የቅሬታ አይሆንም።


ያኔ ልጅ የነበርኩ

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያ ልጅ ነበርኩ።

የእኔዋ ጎረቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እትዬ እላቸው ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወላጆች ነበሩ፤ ነገር ግን አንዱ ሲጠጣ ሌላዋ ስታለቅስ እኔን የሚያይ ሰው አልነበረም። እትዬ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀምጠውኝ መርፌ ላይ ክር እንዳስገባላቸው ያደርጉ ነበር፤ ዓይናቸው ስለደከመ ያለ እኔ እንደማይችሉ ይነግሩኝ ነበር። ክሩን በምራቄ አርሼ፣ ጫፉን በጣቴ አሹዬ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ስከተው «ጎሽ!» ይሉኛል። ሰው እኔን ሊፈልገኝ እንደሚችል ያወቅሁት እዚያ ነው። በልጅነቴ የተሰጠኝን ልብስ ሁሉ ረስቻለሁ፤ ያቺን «ጎሽ» ግን ዛሬም እሰማታለሁ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታቸው ተቆልፎ አገኘሁት። ዘመዶቻቸው ወደሌላ ከተማ እንደወሰዷቸው ሰው ነገረኝ። ቁጭ ብሎ «እንዲህ ልሆን ነው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እርሳቸውም ምናልባት አዝናለሁ ብለው ፈርተው ይሆናል። እኔ ግን ባለፈው ቀን ክሩን ሁለት ጊዜ ስቼ ስለነበር በዚያ ምክንያት የሄዱ መሰለኝ። ይህን እምነት ትልቅ ሰው እስክሆን ድረስ ተሸክሜው ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምንዎት። «የት ጠፍተህ ነው?» ስላሉት ይቅርታ ይጠይቁት። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ልጁ ያን ቀን አይረሳውም። «ናፍቀኸኝ ነበር፤ ተቆጣሁህ፤ የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ፤ ባትመጣም ምንም አላጠፋህም» ይበሉት፤ በዚሁ በቀላል ቃል። ሁለተኛ፣ ደብተሩን ለምን እንዳልፈረሙለት ይንገሩት፤ አለዚያ «ሊፈርምልኝ ስላልፈለገ ነው» ብሎ ይደመድማል። እኛ ዓይነት ልጆች ምክንያቱ ካልተነገረን ምክንያቱ እኛው የሆንን ይመስለናል።

ወዳጅነቱ ለማን ነው ላሉት ደግሞ፣ እትዬ በእርግጥ ብቸኛ ነበሩ፤ ክሩንም በእርግጥ ማስገባት አይችሉም ነበር። እኔን የጠቀመኝ እርሳቸው ምንም ስለማይፈልጉ አልነበረም። የሚፈልጉት ነገር የእኔን ያህል መጠን ስለነበረው ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ልጅ ይችላል፤ አዋቂን ከሐዘን ማውጣት ግን አይችልም።


የላይኛው ፎቅ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ቃሉን ከላይ እንደተጻፈው አልኩት፤ ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም። ምንም አልመለሰልኝም፤ ካቻቢቴዎቹን በየመጠናቸው መደርደር ጀመረ። ቆይቶ ግን ያ ሦስት ቀን የት እንደነበረ ነገረኝ፤ አተኩሶት ተኝቶ ነበር። እኔ መስኮት ሥር ቆሜ ስቀየም እርሱ አሥራ አምስት ደረጃ ከእኔ በታች ብቻውን በትኩሳት ተኝቶ ነበር። ወርጄ በሩን አላንኳኳሁም። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

የደብተሩን ነገርም ነገርኩት፤ መስመሩ የእናቱ እንደሆነ፣ እኔ ብፈርም ውሸት እንደሚሆን፣ ነገር ግን እናቱ እንድታየው አብሬው እንደምጠብቅ። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማታ፣ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በክፍቱ በሬ ደፍ ላይ ሁለታችንም ተቀምጠን ጠበቅናት። ስታየን የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን አጠፋ?» የሚል ነበር። መምህርት እንደመከሩኝ ስለ ብሎኖቹ ነገርኳት። ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ «የእኔ ልጅ? እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። ከዚያም ቦርሳዋን እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ልጁም አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ፤ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በማግሥቱ መጥታ በእርጋታ ተነጋገርን። በሁለት ቦታ እንደምትሠራና ልጁ እስክትመጣ ቤት ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ይመስላት እንደነበር ነገረችኝ። የተቆጣችበትም ነገር አለ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሳልነግራት መቆየቴ አስከፍቷታል፤ «ጥንቃቄ ይቅደም» ያሉት ወንድሜ በዚህ እውነት ነበራቸው፤ አመሰግናቸዋለሁ። እንዲመጣ የፈቀደችው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚቆዩበት ክፍል እንዳለ አስተማሪው ነግሯት አስመዝግባዋለች። ባዶዎቹን አምስት መስመሮች በአንድ ጊዜ ልትፈርም ስትል ልጁ ከልክሏት የዚያን ሳምንቱን ብቻ አስፈርሟታል።

ለእኔ ሁለት ቀን ከአምስት ማነሱን አልደብቃችሁም፤ ሰኞና ረቡዕ ረጅም ናቸው። በአካባቢው ያለ የጡረተኞች ማኅበር የተበላሹ ዕቃዎች የሚጠገኑበት አንድ ጠረጴዛ እንዳለው ሰምቼ ረቡዕ ረቡዕ መሄድ ጀምሬአለሁ፤ እስካሁን የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር ስም ተዋውቄአለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልጁ ሲሄድ እንደ ልማዱ ደፉ ላይ ቆመና «ጋሼ፣ ነገ አይኖሩም፤ ማክሰኞ ግን አሉ» አለኝ። አዎን አልኩት።